ፊቱ ዝንብ ያረፈበት መስመር

ጋሽ ሸዋንዳኝ ኮምፒውተር ያስገቡ ዕለት አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የከፋው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ በሙሉ በራችን ላይ ተሰብስቦ ካርቶኑ ሲከፈት ያያል፤ እኔ ታይፔን እንደ ሕፃን አቅፌ ጥግ ቁጭ ብያለሁ። ዛሬ ያቺን ቀን ሳስባት ግን «ተመስገን» ነው የምለው። እንዴት ከዚያ እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

በለጥሽ ኦይታ እባላለሁ። የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ አርባ ምንጭ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። ጋሽ ሸዋንዳኝ ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው፤ ኋላ የጽሕፈት አገልግሎት ከፈቱና በአሥራ ሰባት ዓመቴ ታይፕ ላይ አስቀመጡኝ። በ1990 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል፤ አንደበቴም ጣቴም ስለታም ሆነዋል። ሳላይ ነበር የምመታው። ዓይኔ ከረቂቁ ላይ ንቅንቅ አይልም፤ የምጽፈውን ወረቀት ቀና ብሎ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው ብዬ እንቃለሁ።

«እስከ ፋሲካ ከለመድሽው ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉኝ ጋሽ ሸዋንዳኝ። «ካልለመድሽው የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች።»

ለፋሲካ ሰባት ሳምንት ቀርቷል። ወንበሩን ካጣሁ ጨንቻ ተመልሼ ጥጥ መፍተል ነው። ጥጥ መፍተል ነውር ሆኖ አይደለም፤ እናቴ ፈትላ ነው ያሳደገችን። ግን እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ትልልቅ ሰው ሁሉ ቆቡን አውልቆ «እህቴ፣ እባክሽ» ይለኛል። ይህን የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይነሣም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ቀጭን ወጣት ቦርሳ አንግቶ ገባ። እኛ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ተበድሎ ነውና ረቂቅ ወረቀት ሳብኩ።

«ማንን ነው የምትከሰው?»

«ማንንም።»

«እንግዲያው ተከሰህ ነው። መልስ ይጻፍልህ?»

«ኮምፒውተሩን ላስተካክል ነው የመጣሁት።»

«ከሆነማ ከሳሿ እኔ ነኝ» አልኩት። «ቁጭ በል።»

ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ዓይኑ ነው የሚስቀው፤ አፉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ነህምያ ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እዚሁ አርባ ምንጭ የውኃ ምህንድስና ተምሮ ተመርቆ ምደባ እየጠበቀ ነበር። ከጋሽ ሸዋንዳኝ ጋር የተስማሙት እሱ ኮምፒውተሩን ሊያሰናዳና እኔን ሊያስተምር፣ እሳቸው ደግሞ የሥራ ማመልከቻዎቹን በነጻ ሊያትሙለት ነው።

ከአስተማሪው በሦስት ዲስኬት ገልብጦ ያመጣውን የጽሑፍ ፕሮግራም ጫነና ከፈተው። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ፣ ሌላ ምንም የለም። ይሄ ነው ወይ ሰው የተሰበሰበለት አልኩት። አልተቀየመኝም። ፕሮግራሙ ባዶውን ነው የሚመጣው፣ የሚያስፈልግሽን አንቺ ትጨምሪበታለሽ አለኝ። ተጨማሪዎቹ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል፤ የግዕዝ ፊደል የሚጽፈው አንድ ነው፣ ቃል የሚያሳጥረው ሌላ፣ ቀን የሚያስገባው ሌላ፣ ኅዳግ የሚያስተካክለው ሌላ። የፈለገ ይጭናል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ስማቸው በእንግሊዝኛ ፕለጊን ነው አለና በአማርኛ ምን እንደሚላቸው ጠፍቶት ግንባሩን አከከ።

«ጥለት በላቸዋ» አልኩት።

«እንዴት?» አለ። እኔም ቀጠልኩ። ነጠላ ያለ ጥለትም ነጠላ ነው፣ ይለበሳል። ጥለቱን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ አባቴ ሳይታዘዝ አንዲት ቀለም አይጨምርም። አንዱ ሰፊ ይላል፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጭራሽ አልፈልግም ይላል።

«አራት ዓመት ሙሉ ስማር እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም» አለ ነህምያ፤ ዓይኑን ግን ከፊቴ ላይ ለማንሣት ቸኮል አላለም። እኔ ነኝ ቀድሜ ወደ ኪቦርዱ ያቀረቀርኩት።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ከሁሉ በፊት አንድ የማዘዣ ገጽ ያነባል። በገጹ ላይ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥለት ይጠራል። ጥለቱን ለጊዜው ካልፈለግሽው መስመሩን መሰረዝ የለብሽም፤ ከፊቱ አንዲት ምልክት ታስቀምጫለሽ፣ ከላይ ነጥብ፣ ከሥር ጭራ ያላት። ያኔ ፕሮግራሙ መስመሩን እንዳላየ ያልፈዋል። ምልክቷን ቀረብ ብዬ አየኋትና «ዝንብ ናት» አልኩ። ዝንብ ያረፈበትን ማን ይነካል? ነህምያ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ «ዝንብ አሳርፊበት»፣ «ዝንቡን አባሪው» የሁለታችን ቋንቋ ሆነ። ጋሽ ሸዋንዳኝ አንድ ቀን እውነት መስሏቸው የዝንብ መግደያ ፍሊት ይዘው መጥተዋል።

ትምህርቱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። «በ»ን ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን ቢ መትቶ ኢ መምታት ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ዶሮ ለቀምኩ። ነህምያ ፊደሎቹን በትንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ አጠገቤ ሰቀለልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ «አይገባሽም» አላለኝም። ባለጉዳዮቻችን የሚደጋግሙትን ቃል ሁሉ ሰብስቦ ለማሳጠሪያው ጥለት አስተማረው፤ «ለክ» ብዬ ባዶ ቦታ ስመታ «ለተከበረው ጽሕፈት ቤት» ይሆናል፣ «ከሰ» ስል «ከሰላምታ ጋር»። ላመሰግነው እፈልግ ነበር። ለአፌ ነገር እንጂ ምስጋና አይመቸውም፣ ምን ላድርግ። «ደህና ነህ እንግዲህ፣ ከግድግዳ ትሻላለህ» ነበር የምለው።

ሌላም ጣጣ ነበረብኝ። በጋሞኛ ለወንዱም ለሴቷም «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ቃል ነው። ስቸኩል አማርኛዬ ይደባለቃል። «ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪልኝ» እለዋለሁ፤ ባለጉዳይ ይስቃል፣ እሱ ሮጦ ይመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደማያርመኝ ጠየቅሁት።

«"አንተ" የምትይኝ ስትጠነቀቂ ነው» አለኝ። «ሳትጠነቀቂ ብትጠሪኝ ይሻለኛል።»

እኔ የምሠራው ያለ ለመምሰል «ለክ»ን ሦስት ጊዜ መታሁ። ሦስት የተከበረ ጽሕፈት ቤት ስክሪኑ ላይ ተደረደረ።

በየሳምንቱ ምደባ መውጣቱን ሊያይ ይሄዳል። ተመልሶ «አልወጣም» ሲል ፊቱ የሥራ ፈት ፊት አይመስልም። እኔም ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ራሴን እቆጣለሁ፦ በሰው እንጀራ መዘግየት ትደሰቻለሽ?

ሆሳዕና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ሸዋንዳኝ ፈተናዬን ቆረጡ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እሠራለሁ፤ ነህምያ ድርሽ አይልም፤ ከተሳካልኝ ወንበሩ የእኔ ነው።

ጠዋቱ ባለጉዳይ ሳይገባ ብቻዬን ሳለሁ የማዘዣ ገጹን ከፈትኩ። አሥራ አንድ መስመር ነው፤ አምስቱ ላይ ዝንብ አርፏል። ለትልቅ ቀን ጥለት የሌለው ነጠላ ማን ይለብሳል ብዬ አሰብኩ። ዝንቦቹን አንድ በአንድ አባረርኳቸው። የመጨረሻው መስመር «ነህ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ሠሪው ስሙን የፈረመ መሰለኝና የእሱንም አባረርኩ።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ አባባ ኤርጫፎ ነበሩ፣ ከገረሴ የመጡ ሽማግሌ። መንገድ ሲቀደድ የእንሰት ማሳቸው ለሁለት ተቆርጦ ምትክ መሬት ሲጠይቁ ዓመት ሆኗቸዋል። ስድስት ማመልከቻ ጽፈንላቸዋል፤ ይህ ሰባተኛው ነው። ዓይኔን ከረቂቁ ላይ ሳላነሣ መታሁት። መጨረሻ ላይ «ከሰ» አልኩ፣ ባዶ ቦታ መታሁ፣ ፕሪንተሩ እየጮኸ ሁለት ቅጂ ተፋ። ጋሽ ሸዋንዳኝ መነጽር ሳያደርጉ ከሩቅ አይተው «ንጹሕ ነው» አሉ። አባባ ኤርጫፎ ማንበብ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሁለቱም ላይ አሳረፉና አንዱን በፖስታ ይዘው የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ወዳለበት ወደ ሴቻ ሰፈር ሽቅብ ተነሡ።

ቀሪውን ጋሽ ሸዋንዳኝ ሊያስቀምጡት መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ በፍርድ ቤት ድምፃቸው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦

«"ምትክ መሬት እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከሰላምታ ጋር ብቻ ብዬ ልጨርስ አልቻልኩም፣ በለጥሽ። አንቺ ስትስቂ ጣቴ ፊደል ይስታል። ምደባው እንዲዘገይለት የሚጸልይ ተመራቂ ቢኖር እኔ ነኝ።"»

ከሥሩ የአባባ ኤርጫፎ አውራ ጣት አለ፣ ደማቅ ሰማያዊ።

ኋላ ነው የገባኝ። «ነህ» ያለው መስመር የሚጠራው ነህምያ ለብቻው ያስቀመጠውን ሌላ የማሳጠሪያ ዝርዝር ነበር፣ እዚያ «ከሰ» ማለት ያ ሁሉ ቃል ነው፤ በኋላ የተጫነ ደግሞ የፊተኛውን ይሽራል። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ነው የነደደው። ጋሽ ሸዋንዳኝ ይህን ቃል አቶ ኤርጫፎ ናቸው ወይ ያሉት ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ። አይደሉም አልኩ።

«ተነሺ» አሉኝ።

ቅጂውን ይዤ ተነሣሁ።

በሩ ላይ ከነህምያ ጋር ተጋጨን፤ እንዴት እንደሆንኩ ሊሰማ ቃሉን አፍርሶ መጥቶ ነበር። ቅጂውን ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት። አነበበና ከንፈሩ ነጣ። ወረቀቱን ሽማግሌው ጽሕፈት ቤት ሳያስገቡት ለመድረስ በሴቻ ዳገት ሽቅብ እየተከታተልን ወጣን።

«ልታሾፍብኝ ነው የጻፍከው?» አልኩት ግማሽ መንገድ ላይ።

«ዝንብ አሳርፌበት ነበር።»

«እንዳይጫን ከሆነ ለምን ጻፍከው?»

ቆመ። ከበታቻችን አባያ ቀይ አፈሩን እንደያዘ ተኝቷል። ነህምያ ወደ ሐይቁ እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ሳልጽፈው መቆየት አቃተኝ። ስጽፈው ደግሞ እንዳታነቢው ፈራሁ፤ እንዳታነቢው ስል ደግሞ አንድ ቀን ብታነቢው ተመኘሁ። ዝንቡን አሳርፌ ተውኩት። አለ፣ ግን አይሠራም። እንደ እኔ ማለት ነው።»

ወረቀቱ ሳይገባ እንድረስ ብቻ ብዬ ቀደም ቀደም አልኩ፤ እንባዬን እንዳያይ ነው።

አልደረስንም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስንገባ ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ጸሐፊዎቹ በር ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይይዛሉ። አባባ ኤርጫፎ መሐላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ግራ ገብቷቸዋል። ተቀምጠው ነው የምላችሁ። ለስድስት ማመልከቻ ቁጭ ይበሉ ያላቸው አልነበረም። ኃላፊው ስቆ ሲያበቃ አዝኖላቸው ጉዳይዎን እስቲ በአፍዎ ይንገሩኝ ብሏቸው፣ ሰምቶ፣ ሰኞ መሬት ለኪ እንዲወጣ ወረቀቱ ራስ ላይ መርቶበታል።

ወረቀቱን ይመልሱልን፣ በትክክል ጽፈን እናምጣ ብዬ ኃላፊውን ለመንኩ። አባባ ኤርጫፎ ወረቀቱን ቀድመው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«አንተ ልጅ፣ አታልቅስ» አሉኝ። እሳቸውም አማርኛቸው እንደ እኔ ነው። «ይሄ ወረቀት ሠርቷል። የማን ቃል ነው ግን ውስጡ ያለው?»

ነህምያ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «የእኔ ነው፣ አባባ።»

«ውሸት ነው እውነት?»

«እውነት ነው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አዩት፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። «እንግዲህ እኔ ጣቴን አኑሬበታለሁ» አሉ። «ጣቴን ላኖርኩበት ቃል ዋስ ነኝ። ብትዋሽ የምፈልገው አንተን ነው።»

ሦስታችንም ተያይዘን ወደ ሲቀላ ወረድን። አባባ ኤርጫፎ የባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ለጋሽ ሸዋንዳኝ አጫወቷቸው። ጋሽ ሸዋንዳኝ ፊታቸው አልተፈታም። ወረቀቱ መሥራቱ ስህተቱን ትክክል አያደርገውም፣ ነገ ለዳኛ የሚሄድ ቢሆንስ አሉ። ነህምያ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ጀመረ፤ አቋረጥኩት። የማላውቀውን የጫንኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትን ሳላይ ያተምኩትም እኔ ነኝ። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አልኩ፤ ይህን ከአፌ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር መሰለኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ረቂቅ ተከምሯል። በጣታቸው አሳዩኝ። «እያየሽ ጻፊ» አሉ።

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የማዘዣ ገጹን ከፍቼ መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ የማያስፈልገኝ ላይ ሁሉ ዝንቡን መለስኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጣቴ ትንሽ ቆመ፤ እዚያም መለስኩ። ከዚያ እንደ ጀማሪ ቀና እያልኩ፣ ስክሪኑን እያየሁ ጻፍኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ሦስተኛው ላይ ማፈሬን ረሳሁት። ለካ የሚጽፉትን ማየት እንዲህ ደስ ይላል፣ ፊደሉ ከጣቴ ሥር ወጥቶ ቦታውን ሲይዝ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም ታተሙ። ጋሽ ሸዋንዳኝ ከራስ እስከ ግርጌ በመነጽር አነበቧቸው።

«ለእህቴ ልጅ ሌላ ሥራ እንፈልግላታለን» አሉና ወረቀቶቹን አስተካክለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። አባባ ኤርጫፎም ሳቃቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ነህምያ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። የማዘዣ ገጹ ክፍት ነበር።

«የእኔም መስመር ላይ መለስሽው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በሥራ ሰዓት ነዋ» አልኩት። «ስንዘጋ አባርረዋለሁ።»

ሳቀ፤ አሁንም ዓይኑ ነው የቀደመው።

ምደባው ከፋሲካ በኋላ ወጣ፣ ጎዴ። እንዳልሄድ አንድ ቃል ተናገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም። እኔ ወንበሬን ለመያዝ እንደዚያ ስለፋ ያየ ሰው የራሱን እንዲተውልኝ ልለምነው? ሂድ፣ ሠርተህ ና አልኩት። አሥራ አራት ወር ሄደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደብዳቤ ይመጣል፤ በእጁ ነው የሚጽፈው፣ እኔ በኮምፒውተር እመልሳለሁ። አንድም ጊዜ ከሰላምታ ጋር ብሎ አልጨረሰም። እየጎደለኝም ቢሆን ያን ዓመት አመሰግነዋለሁ፤ ጋሽ ሸዋንዳኝ ሁለተኛ ኮምፒውተር ገዝተው የእህታቸውን ልጅ አመጡና እኔ አስተማርኳት። አይገባሽም ብያት አላውቅም፤ ይህን ከማን እንደተማርኩ አውቃለሁ።

በሰኔ 1991 ነህምያ እዚሁ አቅራቢያ ጫኖ የመስኖ ሥራ አግኝቶ ተመለሰ። አባባ ኤርጫፎ ምትክ መሬታቸው ላይ እንሰት ተክለው ነበር፤ ለሽምግልና ሌላ ሰው እንዳይመራ ብለው ራሳቸው ጨንቻ ወጡ፣ ጋሽ ሸዋንዳኝንም አስከትለው። አባቴ ከሸማ ጉድጓዱ ወጥቶ እግሩን አራግፎ ተቀበላቸው። ልጁ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ቋንቋችንን አያውቅም፣ ዘመዱን አናውቅም እያለ ብዙ ጠየቀ። አባባ ኤርጫፎ ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። እኔ በር ሥር ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

በመጨረሻ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ወንበሬን አልለቅም» አልኩ።

«ወንበር ማን ጠየቀሽ? የጠየቅሁሽ ስለ ልጁ ነው።»

«እሱንም» አልኩት።